አሥራ ሁለት ቀን በባቱ፣ አሥራ አራት ወር በቴሌግራም፦ የአንድ የውኃ ሀብት አስተዳደር ሥልጠና ግምገማ

ሥልጠናው በተጠናቀቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ የአስተያየት መስጫ ቅጽ ታድሎን ነበር። ቅጹ የደረሰን የውሎ አበል መክፈያ ሰነድ ላይ ለመፈረም ተሰልፈን ሳለ ስለነበር፣ እኔን ጨምሮ አብዛኞቻችን «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን ሳጥን ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርገንበት፣ ፈርመን፣ ወደየመኪናችን ሄድን። እንዲህ ተሞልቶ የተመለሰ ቅጽ ለአሠልጣኙም ሆነ ለከፋዩ የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ ውስጥ ስለተከታተልኩት የአሥራ ሁለት ቀን የተቀናጀ የውኃ ሀብት አስተዳደር ሥልጠና የማምንበትን ለመጻፍ አሥራ አራት ወር ጠበቅኩ፤ የተማርኩት ነገር ሥራዬ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እዚያ ያወቅኳቸው ሰዎችም ስደውልላቸው ስልካቸውን ያነሡልኝ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ።

የማሠልጠኛ ተቋሙን ስም አልጠቅስም። የማነሣቸው ጉድለቶች በአንድ ዙር፣ በአንድ ሠልጣኝ ዓይን የታዩ ከመሆናቸውም በላይ፣ አብዛኞቹን ቀደም ሲል በሌሎች ቦታዎች በወሰድኳቸው ሥልጠናዎችም አይቻቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ሠራተኛ ለመላክ የሚያስቡ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ለ«አቅም ግንባታ» በጀት የሚይዙ ፕሮጀክቶች በገንዘባቸው ምን እንደሚገዙ አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

እኔ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኝ አንድ ወረዳ የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በውኃ ተቋማት አስተዳደርና ጥገና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። የሥልጠናውን፣ የማደሪያውንና የምግቡን ወጪ የሸፈነልን አንድ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤታችን ያወጣው የትራንስፖርቱን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ሆነን ከውኃ፣ ከመስኖ፣ ከጤናና ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ተውጣጥተን ነበር። ይህ ስብጥር የአዘጋጆቹ የመጀመሪያው ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ወንዝ ላይ የምንሠራ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ አብዛኞቻችን እስከዚያ ቀን ድረስ ተያይተን አናውቅም ነበር።

የክፍል ውስጡን ትምህርት በአጭሩ አልፈዋለሁ። አምስት ቀን ተሰጥቶታል፤ ሦስት ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 በደብሊን ከተደረገው ዓለም አቀፍ የውኃ ጉባኤ የወጡት አራት መርሆች፣ ማለትም ውኃ የሚያልቅና በቀላሉ የሚጎዳ ሀብት መሆኑ፣ ልማቱና አስተዳደሩ ከተጠቃሚው እስከ ፖሊሲ አውጪው ያለውን ሁሉ ማሳተፍ እንዳለበት፣ ሴቶች በአቅርቦቱ፣ በአስተዳደሩና በጥበቃው ማዕከላዊ ድርሻ እንዳላቸው፣ እንዲሁም ውኃ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ያለው መሆኑ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተነገሩን፤ በሦስተኛው ቀን ተደገሙልን፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ አሠልጣኝ መጥቶ እንደ አዲስ አስተማረን። የሚታየው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ጥያቄውና መልሱ በከፊል በኦሮምኛ ስለነበር፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየተረጎምን ብዙ ጊዜ አጠፋን። የታደለን መማሪያ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ ያለው ሲሆን፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከደቡባዊ አፍሪካ ወንዞች የተወሰዱ ናቸው። የሊምፖፖን ተፋሰስ ማወቅ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የሆቴሉን መስኮት ከፍቶ የሚታይ ሐይቅ እያለ ምሳሌን ያን ያህል ርቆ መፈለግ አስፈላጊ አልነበረም።

ከክፍሉ ትምህርት ለይቼ የማመሰግነው የአራተኛውን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የዚያን ቀን አሠልጣኝ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ን ቅጂ አምጥቶ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ጮክ ብለን እንድናነበው አደረገ። በዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ስለዚህ አዋጅ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሙሉውን ያነበብኩት ግን ያን ጊዜ ነው። አዋጁ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል፤ ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑንም ደንግጎ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከመሳሰሉት ጥቂት አገልግሎቶች ላይ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንድ የመስኖ ባለሙያ ተነሥቶ «ሦስት ገበሬዎች ተጋርተው የገዙት የናፍጣ ፓምፕ ባህላዊ መስኖ ነው ወይስ አይደለም?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ውኃው የሚሄደው አባቶች በቆፈሩት ቦይ ስለሆነ ባህላዊ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሞተር ከገባበት በኋላ ባህላዊ ሊባል አይችልም የምንልም ነበርን። አሠልጣኙ ዳኛ ሆኖ ከመፍረድ ይልቅ በየወረዳችን ስንት እንዲህ ያለ ፓምፕ እንዳለ በወረቀት ጽፈን እንድንሰጠው ጠየቀ። ከሠላሳ አራታችን ቁጥሩን የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። የሻይ ሰዓት አልፎም ክርክሩ ቀጠለ፤ ከአምስቱ ቀናት ሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ነው።

ሥልጠናው ዋጋውን የሚያወጣው ከክፍል ሲወጣ ነው። የመስክ ሥራ አራት ቀን ነበር፤ ከእነዚህም ሁለቱን በዝርዝር ልግለጻቸው።

የመጀመሪያው የእጅ ፓምፕ ጥገና ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የጥገና ባለሙያ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ ወደሚገኝ የአፍሪዴቭ ፓምፕ ወሰዱን። አፍሪዴቭ እስከ አርባ አምስት ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ውኃ ለማውጣት የሚሠራ፣ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተነደፈ ፓምፕ ነው። ቧንቧው ከጉድጓዱ ሳይነቀል ውኃውን ወደ ላይ የሚያነሣውን ፕለንጀርም ሆነ ውኃው ተመልሶ እንዳይወርድ ከታች የሚይዘውን ፉት ቫልቭ በቧንቧው ውስጥ መዝዞ ማውጣት ስለሚቻል፣ ክሬን ወይም ብዙ ሰው አያስፈልግም። ጋሼ ፓምፑን ከመፍታታቸው በፊት ውኃ እስኪፈስ መቱትና ግማሽ ሰዓት አሳረፉት። ከዚያ አንዷን ሠልጣኝ «ምቺ፣ ጮክ ብለሽም ቁጠሪ» አሏት። ውኃው የመጣው በአሥራ ሰባተኛው ምት ነበር። «ከአምስት በላይ ከጠየቀ ታች የሚያፈስ ነገር አለ፤ ፓምፑ ገና አልቆመም ብላችሁ ግን ዝም ብላችሁ ትሄዳላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ በወረዳችን ሪፖርት ላይ ተቋማትን የምንከፍለው «የሚሠራ» እና «የማይሠራ» ብለን ስለሆነ፣ አሥራ ሰባት ምት የሚጠይቀው ፓምፕ ውኃ እስካወጣ ድረስ «የሚሠራ» በሚለው ውስጥ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያወጡ፣ ፕለንጀሩ ላይ ያለውን፣ ውኃ እንዳያፈስ የሚያደርገውን ዩ-ሲል የሚባል ጎማ በጥፍራቸው ጠርዙን እየነኩ አሳዩን፤ ጠርዙ ለስልሶ ምላጭ መስሏል። ፉት ቫልቩ ላይ ያለው ክብ ጎማም ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቱም ዋጋቸው ከአንድ ኪሎ ቡና የማይበልጥ መለዋወጫዎች ናቸው። ጋሼ የተለወጡትን ዕቃዎች በፌስታል ቋጥረው ለውኃ ኮሚቴዋ ገንዘብ ያዥ ሰጧትና፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ለተጠቃሚው እያሳየች መዋጮው ለምን እንደሚሰበሰብ እንድትናገር መከሯት። ስለ ታሪፍ አወሳሰን በክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ተምረን ነበር፤ የዚያች ፌስታል ያህል ግን አልገባንም።

ሁለተኛው የመስክ ቀን ውኃን ከላይ ወደ ታች መከተል ነበር። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ደጋ፣ የካታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርደው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከሐይቁ የሚወጣው ቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈሳል፤ ላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ወደዚያው ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ላይ ያለነው ሁላችን የምናደርገው ነገር በመጨረሻ የሚታየው እዚያ ነው። ጎረቤቱ ሻላ ከሁለት መቶ ስልሳ ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው የሚመጣውን ሁሉ ችሎ ይኖራል፤ አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ ከላይ የሚመጣው ውኃ ትንሽ በቀነሰ ቁጥር ዳርቻው ብዙ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ለመስኖ ከወንዞቹና ከዝዋይ የሚሳበው ውኃ፣ ከራሱ ከሐይቁ ሶዳ አሽ ለተባለው የኢንዱስትሪ ጨው ማምረቻ የተወሰደው፣ እንዲሁም የዝናቡ መለዋወጥ ተደማምረው ሐይቁን አሳንሰውታል። አሠልጣኛችን አውቶቡሱን ያስቆመው ውኃ ፈጽሞ በማይታይበት ቦታ ነበር። «እንግዲህ ወደ ሐይቁ እንሂድ» አለና በእግሩ መሄድ ጀመረ። በነጭ፣ ሲረግጡት በሚሰባበር የጨው መሬት ላይ በፀሐይ ሄድን፤ ሄድን። ጫማችን ነጭ ለብሶ ከዳርቻው ስንደርስ፣ መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ የቀድሞው የሐይቁ ጠርዝ እንደነበር ነገረን። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉ ፔሊካኖች በአንድ ወቅት ለዓሣ ወደ አብያታ ይበሩ እንደነበር፣ ውኃው ጨዋማነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ዓሣው እንዳለቀና ወፎቹ ወደ ሌሎች ሐይቆች መሄድ እንደጀመሩ የተረከልንም እዚያው ቆመን ነው።

ማታ በየቡድናችን ተቀምጠን የተፋሰሱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልን። በእኔ ቡድን ውስጥ አንዱ ከመቂ ወንዝ ራስጌ፣ አንዷ ከአርሲ በኩል ከካታር፣ አንዱ ከሐይቁ ዳር፣ እኔ ደግሞ ከታች ነበርን። ከላይ የመጣው ባልደረባችን ባለፈው ዓመት ስላሠሩት አነስተኛ የወንዝ ጠለፋ በኩራት ሲያስረዳ፣ እኔ ያንኑ ዓመት ቡልቡላ በበጋ ስለቀነሰበትና ከብት ውኃ ስላጣበት ሳምንት እያሰብኩ ነበር። ተናገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። እሱም ዝናቡም በዚያ ዓመት ደካማ እንደነበር፣ የእነሱ ጠለፋ ብቻውን ይህን ሊያደርግ እንደማይችል አስረዳኝ፤ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስልክ ቁጥሬን ወስዶ «በበጋ ቦዩን ከመክፈታችን በፊት እደውልልሃለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። በወረዳና በወረዳ መካከል በደብዳቤ ይደረግ ቢባል በቢሮና በዞን በኩል ዞሮ ለመድረስ በጋው ራሱ ያልፍ ነበር።

አሁን ይህ ሥልጠና በማስታወቂያው ላይ ሁለተኛ ዓላማ አድርጎ ወደጻፈው ወደ «ሙያዊ ትስስር» እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ የተቋሙና የእኔ ሒሳብ ይለያያል። ተቋሙ ያዘጋጀልን የይለፍ ቃል ያለው ድረ ገጽ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት የይለፍ ቃሌን አልቀበል አለኝ፤ ለእርዳታ የጻፍኩት መልእክትም መልስ አላገኘም። በመሸኛው ቀን የታደለን የስልክ ዝርዝር ላይም የአራት ሰዎች ቁጥር ተሳስቷል። ትስስሩን የፈጠረችው ከአርሲ የመጣችው ባልደረባችን ናት፤ በስድስተኛው ቀን እራት ላይ የቴሌግራም ቡድን ከፍታ፣ ገበታ በገበታ እየዞረች ሁላችንንም አስገባችን። ዛሬ ስድሳ አንድ ሰው አለው፤ ጋሼንም የልጅ ልጃቸው አስገብታቸዋለች።

ቡድኑ ምን ጠቀመ ለሚለኝ ሦስት አጋጣሚዎችን ልንገር። በመጋቢት ወር አንድ የቀበሌ ፓምፕ ሲያስቸግረን ከገበያ የገዛነው ዩ-ሲል በሁለት ሳምንት ተበላ። ፎቶውን በቡድኑ ላይ ስለጥፍ፣ ጋሼ በድምፅ መልእክት «ጎማው ደረቅ ነው፣ አጥፈህ ልቀቀው፣ ካልተመለሰ ጣለው» አሉ። አጠፍኩት፤ አልተመለሰም። ከሐይቁ ዳር ያለው ባልደረባችን ከመጋዘኑ ሁለት ደህና ዩ-ሲሎች በአውቶቡስ ረዳት በኩል ላከልኝ፤ እኛም ግዢያችን ሲደርስ በምትኩ መለስን።

ሁለተኛው አጋጣሚ የበለጠ አሳሳቢ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ ሃምሳ ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያን በክሎሪን ሊያክም፣ በአንድ ሊትር ሁለት ሚሊግራም ለማድረስ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ዱቄት እንደሚያስፈልገው አስልቶ፣ «ልክ ነኝ?» ብሎ ምሽት ላይ ጻፈ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዎች አስቆሙት። የሚያስፈልገው ንጹሕ ክሎሪን አንድ መቶ ግራም ነው፤ ዱቄቱ ሰባ በመቶ ከሆነ ደግሞ አንድ መቶ አርባ ሦስት ግራም ገደማ ይመጣል። አንድ ነጥብ ተሳስቶ አሥር እጥፍ ሊጨምር ነበር። ይህ ልጅ ለአለቃው ለመጠየቅ አፍሮ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል፤ ቡድኑን ግን አላፈረም።

ሦስተኛው የእኔ የራሴ ነው። አንድ ተቋራጭ የቆፈረውን ጥልቅ ጉድጓድ የፓምፕ ፍተሻ (ውኃውን ያለማቋረጥ እየሳቡ በጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚለካበት) ሪፖርት አምጥቶ እንድንቀበለው ጠየቀን፤ የምርት መጠኑ በሴኮንድ ስድስት ሊትር ይላል። ሪፖርቱን ለማጽደቅ ብዕር አንሥቼ ሳለ፣ ልማድ ሆኖብኝ የሰንጠረዡን ፎቶ ለአንድ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ላክሁ። የመለሰችልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የተፈተሸው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውኃው ወደ ነበረበት ልክ ሲመለስ የተለካው የታለ?» አልነበረም። ሪፖርቱን መልሰን ሙሉ ቀን እንዲፈተሽ ስናደርግ፣ ውኃው ከአሥራ አራተኛው ሰዓት በኋላም መውረዱን አላቆመም። የሚገጠመው ፓምፕ በሴኮንድ አራት ሊትር እንዲሆን ተወሰነ። በስድስቱ ተስማምተን ቢሆን ኖሮ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሃያ አምስት ሊትር በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚለውን የገጠር መለኪያ በወረቀት አሟልተን፣ በሁለተኛው በጋ ቦኖዎቹን መዝጋት በመጣ ነበር።

ይሁን እንጂ ቡድኑ እንከን የለሽ አይደለም። በበዓል ሰሞን የመልካም ምኞት ሥዕሎች ቁም ነገሩን ይሸፍኑታል፤ አንድ ጊዜ የፖለቲካ ክርክር ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ወጥተዋል። ከሁሉ የሚከፋው የሠራተኛ መልቀቅ ነው። ከሠላሳ አራቱ አሥራ አንዱ ዛሬ በሌላ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ከእነርሱ ስድስቱ ከውኃ ዘርፍ ፈጽሞ ወጥተዋል። በቦታቸው የተተኩት ሰዎች ቡድኑ መኖሩን አያውቁም፤ የሚነግራቸውም የለም፣ ምክንያቱም ትስስሩ የተሠራው በሰዎች እንጂ በጽሕፈት ቤቶች መካከል አይደለም። መስራቿ ደግሞ ይህን ሁሉ የምታስተናግደው በገዛ ስልኳና በገዛ ዳታዋ ነው። ተቋሙ ለድረ ገጹ ካወጣው ወጪ እጅግ ጥቂቱን ለእርሷ የሞባይል ካርድ ቢያደርገው ይሻል ነበር ስል ቀልዴን አይደለም።

ሌላው ቅሬታዬ ሴቶችን ይመለከታል። ሦስተኛውን የደብሊን መርሕ ሦስት ጊዜ ተምረናል፤ ከሠላሳ አራታችን ሴቶች ግን አምስት ነበሩ። ከአምስቱ አንዷ የሰባት ወር ሕፃን ይዛ የመጣች ስትሆን፣ ሕፃኑን የምትይዝላት እኅቷ በአንድ አልጋ አብራት ታድር፣ እናትየዋም የእኅቷን ምግብ ከራሷ አበል ትከፍል ነበር። ጥያቄ ብታቀርብም በጀቱ አይፈቅድም ተባለች። በሰባተኛው ቀን ጥላን ሄደች፤ የመስክ ጉዞዎቹ ሁሉ አመለጧት። በዚህ ላይ የምሽቱ ጊዜ አለ። እውነተኛው ትውውቅ የሚፈጠረው ከእራት በኋላ ወንዶቹ ተሰባስበን በምንጫወትበት ሰዓት ነው፤ ሴቶቹ ግን በጊዜ ወደ ክፍላቸው ስለሚገቡ ከዚህ ውጪ ነበሩ። ይህን ያስተዋልኩት የቡድናችን መስራች ቴሌግራሙን በእራት ገበታ ላይ ለምን እንደከፈተችው ስትነግረኝ ነው፤ «ከዚያ በኋላ ስለማላገኛችሁ» አለችኝ።

ዋጋውን ለማመዛዘን ሌሎቹን አማራጮች ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው፣ በውኃ ሀብት አስተዳደር ላይ አቅም የሚገነባው የካፕ-ኔት መረብ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ያዘጋጃቸው የበይነ መረብ ኮርሶች በነፃ የሚወሰዱ ሲሆኑ፣ በንድፈ ሐሳብ ረገድ እኛ በአምስት ቀን ከተማርነው የተሻሉ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚችልና የተረጋጋ ኢንተርኔት ያለው ሰው ክፍሉን እዚያ ጨርሶ ቢመጣ ባቱ ላይ በመስክ ብቻ መዋል ይችል ነበር። ቁፋሮና የከርሰ ምድር ውኃ ለሚፈልግ፣ መነሻው በ1990 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው ማሠልጠኛ የሆነው የኢትዮጵያ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ዲግሪ የሚፈልግ ደግሞ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውኃ መሐንዲሶችን ያፈራውን አርባ ምንጭን ያውቀዋል። እነዚህ ሁሉ እውቀት ይሰጣሉ። በአንድ ተፋሰስ ላይ የሚሠሩ ከላይና ከታች ያሉ ሰዎችን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የባቱው ሥልጠና ለዚህ ሲል ከነጉድለቱ ይመረጣል።

ነጥብ ስጥ ብባል ለክፍሉ ከአምስት ሁለት፣ ለመስኩ አምስት፣ ለመስተንግዶው ሦስት እሰጣለሁ። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ በጾም ቀን ግን ከሽሮ ሌላ አልታሰበልንም፤ ክፍሎቹም ውስጥ፣ የውኃ ሥልጠና ላይ መሆናችንን እያሰብን ብንስቅም፣ ውኃ የሚመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር። ለሙያ ትስስሩ ነጥብ መስጠት ይቸግረኛል፤ ለተቋሙ ከሆነ አንድ፣ ለአርሲዋ ባልደረባችን ከሆነ አምስት ነው።

ሠራተኛ የሚልክ ጽሕፈት ቤት ባለሙያውን ብቻውን ባይልክ እመክራለሁ። የጥገና ሠራተኛው አብሮ ቢሄድ በመስኩ ቀን ከሁላችንም በላይ የሚጠቀመው እርሱ ነው፤ ባለሙያው ቢለቅም እርሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም ከአንድ ተፋሰስ ስንት ወረዳዎች እንደተጋበዙ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሠልጣኞቹ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የተሰበሰቡ ከሆነ የሚቀረው ደብሊን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. እንደሚጀምር ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደርሶናል። ከእኛ ወረዳ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛችንንና አዲሷን የውኃ ጥራት ባለሙያ መርጠን ስማቸውን ልከናል። ባለሙያዋ የአምስት ወር ልጅ አላት። ከስሞቹ ጋር በላክነው ደብዳቤ ላይ የሞግዚቷ አልጋና ምግብ በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ እንዲገለጽልን ጠይቀናል፤ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ መልሱን እየጠበቅን ነው።